ቀንድ አውጣው ጥሎት የሄደው ቤት

“ደሞ ማን ነው ያጠጣው?”

ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ባዶ እግሯን መደቡ ጫፍ ላይ ቆማለች። ጭቃው የእግሯን ጣቶች ውጧቸዋል። ቆስጣው እንደ ሰከረ ሰው እርስ በርሱ ተደጋግፏል፤ ጎመኑ እንደምንም ይታገላል። ቺኮሪው ግን፣ ያ እንደ መድኃኒት የሚመርረው የባሏ ሰላጣ፣ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል።

“እኔ ትንሽ ነው ያፈሰስኩለት” አለች የሟች ባሏ እህት ከበረንዳው። ዓይኗ አብጧል። “የጠማው መስሎኝ አሳዘነኝ።”

“አንቺ ትንሽ፣ እሱ ትንሽ፣ እነሱ ትንሽ! መርከብ ልታንሳፍፉበት ነው?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤቱ ጠባብ ነው። ሰው ፊት ማልቀስ የሚያፍር ሁሉ በጓሮ በር ሹልክ ይልና በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ውሃ ማጠጫ ያነሳል። አጎንብሶ ያጠጣል፤ አጎንብሶ ያለቅሳል። የውሃው ድምፅ ሲቃውን ይሸፍንለታል። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ፣ “አታክልቱን ትንሽ አየት አደረግሁት” ብሎ ይገባል። ሟቹ ደግሞ የሚጠላው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ጓሮው ሐይቅ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዲት እንቁራሪት ሻንጣዋን አንጠልጥላ “የሚከራይ ክፍል አለ?” ስትል በጆሯችን ሰማን ብለው የሚምሉ አሉ።

ያላጠጣች ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። ያላለቀሰችም እሷ ብቻ።

“እንባ ጠብ አላላትም እኮ” አለች አንዷ ጎረቤት፣ የሻይ ብርጭቆዋን ከንፈሯ ላይ እንዳስጠጋች።

“ለምኑ ታልቅስ? ዕድሜ ልኳን ‘ውሸታም!’ ስትለው አልነበር? ተገላገለች።”

በሹክሹክታ ነበር። ግን የልብስ ሰፊዋ ጆሮ በስፌት መኪናው ጩኸት መሃል የክር መበጠስን የሚለይ ጆሮ ነው። ማጠጫውን ወስዳ መኪናው ሥር ሸሸገችው። ከዚያ መኮትኮቻውን ይዛ ወጣችና በመደቦቹ ዙሪያ ቦይ እየቀደደች ውሃውን ታስወጣ ጀመር። ባሏ ታሞ ከመተኛቱ በፊት ያንን ቺኮሪ በገዛ ጣቱ እየቀበረ ነው የተከለው። ከቤቱ ሁሉ የሱ እጅ ያለበት፣ ገና የሚተነፍስ ነገር ያ ብቻ ነው። እሱም እጇ ላይ ሊሞት ነው።

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሰፈሩ ግን በፈጠራ ወሬው የተነሳ “ቀደዳው” ነበር የሚለው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ቤት ሁሉ ቶሎ እንዲጠግንለት አይፈልግም ነበር፤ ወሬው እንዳያልቅበት። የገዛ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ኖረ።

ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ገና ወተት ወተት ሲል ማጠጫውን ይዞ ጓሮ ይወጣ ነበር። እሷ መስኮቱ ሥር መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ቺኮሪውን ያጠጣል፣ እያጠጣም ያወራዋል።

“አንድ ቀንድ አውጣ ይሄን ቅጠል አንዴ ገመጠው። ከምሬቱ የተነሳ ቤቱን ጥሎ ሮጠ፣ ራቁቱን! አጥር ዘሎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቱንስ ምን ላድርገው? ለአንድ ጉንዳን አከራየሁት።”

“ውሸታም!” ትላለች በመስኮቱ።

በየጠዋቱ ያው ቀንድ አውጣ፣ ያው ጉንዳን፣ ያው “ውሸታም!”። ከዚያ ወደ ቆስጣው ያልፋል።

“ጣሪያ ላይ ቧንቧ ስቀጥል አንድ ዳመና ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቀስ ብዬ በገመድ አሰርኩት፤ ወደ ጓሮ አወረድኩት። ሲያንኮራፋ ያካፋል፤ ሕልም ሲያይ ቀለሙ ይለወጣል…”

ይህን ስትሰማ እግሯ መርገጫው ላይ ቀስ ይላል፤ መኪናው ዝም ይላል። እሷ ጨርቁ ላይ አቀርቅራ ክር የምታስገባ ትመስላለች። ዳመናው ግቢውን ሁሉ ሞልቶ፣ መስኮቱን በለስላሳ ጎኑ እያሻሸ የሚያልፍ ይመስላታል። አንድም ቀን “ደስ ይላል” ብላው አታውቅም።

ቦዩ ውሃውን ከወሰደው በኋላ አፈሩ ጠፈፈ። ከዚያ ደረቀ፤ ከዚያም ተሰነጣጠቀ። ከቺኮሪው መሃል አንዳንድ አረንጓዴ ቅጠል ተርፎ ነበር፤ አሁን እሱም በውሃ ጥም አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ ማጠጫውን ከመኪናው ሥር አወጣች፣ ሞላች፣ መደቡ ላይ ቆመች። እጇ እንቢ አለ። ቢበዛ ይበሰብሳል፤ ቢያንስ ይደርቃል።

ፀጉር አስተካካዩ የባሏ ጓደኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ወሬውን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። አሁንም ባልዲው ላይ ነው።

“አንተ ስታየው ነበር” አለችው። “ለቺኮሪው ምን ያህል ነበር የሚያፈስለት?”

ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በመዳፉ ያዘ።

“እውነት አታውቂም፣ እትዬ? ‘ሰዓቴ ሚስቴ ናት’ ይል ነበር እኮ። ‘ውሸታም ስትለኝ ማጠጫዬን ቀና አደርጋለሁ። ከዚያ ካለፈ ሥሩ ይበሰብሳል።’”

“ይሄም ያው የሱ ቀደዳ ነው።”

“ይሆናል። ግን ቺኮሪው በስብሶበት ያውቃል?”

አንዱን የቺኮሪ ቅጠል በጣቷ ቀና አደረገች።

“ለቆስጣውስ?” አለች።

“ቆስጣ ውሃ ይወዳል አይደል? ‘ለሱ የዳመናውን አወራለታለሁ’ ይል ነበር። ‘እሱን ስለምትወደው አታቋርጠኝም። መኪናዋ ዝም ሲል ነው የማውቀው።’”

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ከዚያ ማጠጫውን አቀበለችው።

“አንተ አውራ። እኔ ልግባ።”

በለቀስተኞቹ መሃል አልፋ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከሞተ ጀምሮ የተዘጋውን መስኮት ከፈተች። የለቀስተኛው ዓይን ሁሉ ወደሷ ዞረ። የሻይ ብርጭቆዎቹ እንኳን የተነፈሱ አልመሰሉም።

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ አያምርበትም። ያም ሆኖ ማጠጫውን ዘንበል አድርጎ ጀመረ። “አንድ… ቀንድ አውጣ ነበር። ገመጠው። ቤቱን ጥሎ ሮጠ፤ ራቁቱን። እና ቤቱን ለአንድ ጉንዳን አከራየሁት።”

ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

አፏ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ውሃው ይወርዳል። ፀጉር አስተካካዩ ማጠጫውን ቀና አላደረገም፤ ቃሏን ሳይሰማ ማቆም ፈራ። ተረቱ ሄዶበት ወደማያውቅ አገር ብቻውን ገባ።

“ጉንዳኑም… ጉንዳኑም ሚስት አገባ… አማቱም መጡና…”

ውሃው በቅጠሎቹ ሥር ተኛ፤ ወደ ቦዩ ጠርዝ ተሳበ። የሟች እህት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ውሸ…” አለች ልብስ ሰፊዋ። መስኮቱን በሁለት እጇ ጨበጠች።

“ውሸታም!”

ድምፁ ተሰንጥቆ ወጣ፤ ጓሮውን አቋርጦ አጥሩን ዘለለ። ማጠጫው ቀና አለ። ሹክሹክተኛዋ ጎረቤት ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች።

ቺኮሪው ላይ አንዲት ጠብታ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየወረደች አፈሩ ውስጥ ገባች።

“አሁን የቆስጣውን” አለች ልብስ ሰፊዋ። “የዳመናውን። አትቸኩል።”

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። ጨርቅ ላይ አላቀረቀረችም፤ ክርም አልፈለገች። አገጯን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፋ፣ ሰው ሁሉ እያያት አዳመጠች። ጉንጯን አልፎ በአንገቷ የሚወርደውን አልጠረገችውም።