ከፋለ ከማን ጋር ነው የሚያወራው

እና ቦታውን አውቀዋለሁ እኮ፣ ካርታውን በእጄ ሠርቼዋለሁ፣ የአይጥ አንጎል ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተን ቆርጠን፣ ጨረር ያለው መድኃኒት ውስጥ ነክረን፣ ፊልም ላይ አስተኝተን፣ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ስንት ሳምንት ጠብቀን፣ ፊልሙ ሲታጠብ የነርቭ መልእክት ተቀባዮቹ የተጠጋጉበት ይጠቁራል፣ ትዝታ የሚያዝበት ጥግ ድቅድቅ ይላል፣ አብሾም ሄዶ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ የሰው ወንበር ይዞ እንደማይነሳ እንግዳ፣ ባለቤቱ መልእክቱን ይዞ ቢመጣ ቦታ የለም። ስለዚህ ከፋለ የሚያወራው ከማንም ጋር አይደለም። ከማንም።

ታናሽ ወንድሜ ነው፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ቆሎ ተማሪ፣ ድጓው አልያዝ ብሎት የኔታ ወልደ ሰንበት ከለኩለት አብሾ በላይ ሰርቆ ጨመረ፣ የአስተናግር ፍሬ ነው፣ ጠጥቶ የሰማውን አይረሳም ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ይህንኑ ተክል ለምርምር ልለቅም ከአዲስ አበባ መጥቼ፣ እግር ጥሎኝ። ግንባሩ ይፋጃል፣ አፉ ደርቋል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፣ በጠራራ ፀሐይ ከጎጆው ምሰሶ ታስሮ አየር ላይ ክር ይለቅማል። እና ይስቃል። ታፈረ፣ ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል፣ ይላል፣ ወደ ኋላዬ እያየ።

አልዞርም።

ታፈረ መካከለኛው ወንድማችን፣ ሱዳን ተሻግሯል ብዬ እናታችንን ስድስት ዓመት ያስጠበቅኋት። ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ኮን፣ አክስታችን ቤት፣ ጎታው ውስጥ ከገብሱ ጋር ተደብቆ፣ ወንድሙ ፀረ አብዮት የሆነ ውጭ ሄዶ አይማርም ተብያለሁ፣ አብዮት ጥበቃዎቹን የሚመራው ካድሬ ለብቻዬ የት አለ ሲለኝ አፌን አልከፈትኩም፣ በጣቴ ብቻ፣ ሦስቴ፣ ጎታውን መታሁ፣ ወሰዱት። ከካድሬው በቀር ያየኝ የለም፣ እሱም ኦጋዴን ቀርቷል። ከፋለ ያኔ የሰባት ዓመት ሕፃን ነው፣ ኮንን አያውቃትም።

ከፋለ ጣቱን ምሰሶው ላይ ያሳርፋል። ኳ። ኳ። ኳ። ከውስጥ ሆኖ ሲሰማው እንዲህ ነበር ይላል ታፈረ፣ ገብሱ ጆሮዬ ገብቶም ይሰማኝ ነበር ይላል።

የኔታ ዳዊታቸውን ያጥፋሉ። ሙሉሃብት፣ ምንድን ነው የሚለው? ቅዠት ነው የኔታ፣ መርዙ ነው። መርዙ? ስንቱን አጠጣን ልጄ፣ ያላየውን እንዲህ የሚናገር ግን አልገጠመንም።

ለራሴ ክፉ ቀን የያዝኩት ማርከሻ አለኝ፣ አንዲት የመርፌ ብልቃጥ፣ እና እፈራለሁ፣ ቢድን ያስታውሳል? ጥናቱ አያስታውስም ይላል፣ ያ ጥግ ተይዞ ሳለ የተባለ አይቀረጽም፣ ተማሪዎቹ ግን አይረሳም ይላሉ። ብተወውስ፣ ልቡ እስኪደክም፣ ማን ይጠይቀኛል፣ ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ወንድም? ብልቃጡን እሰብራለሁ። እወጋዋለሁ። ቀስ እያልኩ።

ላብ፣ ምራቅ፣ ብሌኑ ይጠባል፣ አየሩን ይተወዋል። ወንድም ጋሼ፣ መቼ መጣህ፣ ማን አሰረኝ፣ ውሃ። አንዲት ቃል አያስታውስም! ካርታዬ ልክ ነው፣ ተመስገን፣ አለቀ፣ የኔታ ገመዱን ይፈታሉ፣ ከፋለ ውሃውን ጠጥቶ አፉን ይጠርጋል፣ ታፈረ ከሱዳን ጻፈልህ ወይ ይለኛል፣ እና ከኋላዬ ጭር ይላል፣ ምንም ካልነበረ ምኑ ነው ጭር የሚለው፣ ታፈረን ደግሜ አስያዝኩት፣ ዛሬም እኔው፣ ምንም አልጠጣሁም፣ አፌ ግን ደርቋል፣ ከፋለ፣ ስማኝ፣ ታፈረ ሱዳን አልሄደም፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩት