የትርንጎ እናት፣ በሲስተሙ መሠረት

1. ጥቅም

የቤተሰብ ሕክምና። እናት ትታከማለች፣ አባት ይታከማል፣ ባልም ካለ ይታከማል። ትርንጎ ባል የላትም። እናት ግን አለቻት።

አለቻት።

(ይቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ሲስተሙ ይክዳል።)

2. ጉዳት

የለም። "ስልሳ ሁለት አገር ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ገብተሽ ደግሞ ጉዳት ትፈልጊያለሽ? ጉድ እኮ ነው!" ይላታል ሰው ሁሉ። ድርጅቱ ሳሙና ያመርታል፤ እሷ ግዢ ክፍል ናት። ሰርቪሱ ሰፈሯ ድረስ ይመጣል። አለቃን "አቶ" ብሎ መጥራት ክልክል ነው፤ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን ተብሏል።

3. ቅጽ

አምና እትዬ ውድነሽ ሞቱ። አክስቷ ናቸው፤ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ትርንጎ የሐዘን ፈቃድ ልትጠይቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

የሟች ዝምድና (አንዱን ይምረጡ)፦
☐ እናት
☐ አባት
☐ የትዳር ጓደኛ
☐ ልጅ

አክስት የለም። አሳዳጊ የለም። ስልሳ ሁለት አገር ሙሉ አክስት የሞተችበት ሰው ጠፍቶ ነው? ሰፈር ድንኳን ተተክሏል፣ ለቀስተኛው ገብቷል፣ እሷ እዚህ ምርጫ ታነባለች። እያለቀሰች "እናት" የሚለውን ነካች። ዋሸች የምትሉ ካላችሁ እኔ የለሁበትም።

ሦስት ቀን ተፈቀደላት። "በእናትዎ ኅልፈት ከልብ አዝነናል" የሚል መልእክትም መጣላት።

4. ጥቅም

ማዘኑ።

5. ጉዳት

አለመርሳቱ።

6. ንግግር፣ ቃል በቃል

ዘንድሮ የወላጅ እናቷን የወይዘሮ አስካለን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ ቶሎ ይገፈፍ አለ። ትርንጎ ቢሮ ይዛቸው መጥታ፣ ሕክምናውን ልታስፈቅድ የሰው ኃይል ክፍሉ ሚልኪያስ ዘንድ ወጣች።

ሚልኪያስ፦ ትርንጎዬ፣ እናትሽ... ዐርፈዋል እኮ።

ትርንጎ፦ ኧረ እማዬ አለች! ታች ጥበቃዎቹ ጋ ተቀምጣለች። ልጥራት?

ሚልኪያስ፦ በእግዚአብሔር ተይ! ካየኋቸውማ ሪፖርት ማድረጌ ነው።

ትርንጎ፦ ያኔ የሞተችው አክስቴ ናት።

ሚልኪያስ፦ ለቅሶ መጥቼ የለም እንዴ? "እናቴ፣ እናቴ" ስትዪ አብሬሽ አልቅሻለሁ።

ትርንጎ፦ እናቴም ነበረች።

ሚልኪያስ፦ (ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ)

ሚልኪያስ፦ የማረሚያ ቅጽ አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያኔ የሞቱት እናትሽ ናቸው ወይ ይላል። "አዎ" ካልሽ እንደነበረው ይቀጥላል፤ ሕክምና የለም። "አይደሉም" ካልሽ ሐሰት አስመዝግበሻል ማለት ነው፤ ውጭ አገር ያሉት አለቆች ወይ በማስጠንቀቂያ ያልፉሻል፣ ወይ ያባርሩሻል።

7. እናት

ወረደች። የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

"እኔን ገድለሽ ውድዬን ቀበርሻት?" አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ ሲያልቅ እጇን ፈልገው ያዙ። "እናቴ አይደለችም ብለሽ እንዳትጽፊ። እኔ ታምሜ ስተኛ አዝላ የወሰደችሽ እሷ ናት።"

"ዓይንሽ እኮ ነው እማዬ!"

"ይቅር።"

ትርንጎ ተናደደች። በድርጅቱም፣ በእናቷም፣ በሟቿም።

8. ቅጽ

ስልኳ ላይ ከፈተችው።

ከዚህ ቀደም እናት ብለው ያስመዘገቧቸው ሟች፣ እናትዎ ናቸው?

☐ አዎ
☐ አይደሉም

"ምን አልሽ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው። ሁለቱም ሳጥኖች ገና ባዶ ናቸው፤ የትርንጎም መልስ እንዲሁ፦

"



"