አስካለ የምታውቃቸው ፊቶች

ቢሻው መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተው ጢሙ ገና ሳይጠና ነው። መታወቂያ የሚያወጣ፣ ስምንተኛ ክፍል የሚፈተን፣ ልጁን የሚድር፣ ወንድሙን ወደ ሩቅ አገር የሚሸኝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ዘንድ ነበር የሚመጣው። በገበያ ቀን ደግሞ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እስከ ወገዳ፣ አንዳንዴም እስከ ንፋስ መውጫ እየዞረ ያነሳል።

ሚስቱ አስካለ ግን አብራው ወጥታ አታውቅም። የእሷ ሥራ ጓዳ ውስጥ ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተደፍኗል፤ ወፍጮ ቤቱ በሚያካፍላቸው ጀነሬተር አንዲት ቀይ አምፖል ትበራለች። እዚያ ሆና ቢሻው ያነሳውን ታጥባለች። ነጩን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነክራ ሳህኑን ቀስ እያደረገች ስትነቀንቀው መጀመሪያ ፀጉር ይመጣል፤ ቀጥሎ የዓይን ጥቁሩ፣ የነጠላው ጥለት፣ በመጨረሻ ፊቱ በሙሉ። ያን ጊዜ ሁልጊዜ ትጠይቃለች።

"ይቺ ደግሞ የማን ናት?"

"የወገዳ ሰው ናት። እህቷ አዲስ አበባ ሆና 'ፎቶሽን ላኪልኝ' ብላት ነው የተነሳችው።"

"እውነትም። ዓይኗ ሰው የናፈቀው ዓይን ነው።"

ቀን ቀን የማይነጋገሩትን እዚያ ይነጋገሩ ነበር። ልጃቸውን አበባውን ማርገዟን የነገረችው እንኳ በዚያች ቀይ ብርሃን ነው።

ከዚያ ባለ ቀለም ፊልም መጣ። እሱ ባሕር ዳር ተልኮ ነው የሚታጠበው፤ አስካለ ጓዳ የምትገባው ለመታወቂያ ፎቶ ብቻ ሆነ። ቆየና ያም ቀረ። በመጨረሻ የባሕር ዳሩ ማጠቢያ ቤት ራሱ ፊልም አልቀበልም አለ። ጓዳው ውስጥ ሽንኩርትና የገብስ ጆንያ ገባ።

በ2004 ዓ.ም. የገና ሰሞን አበባው ከሚሠራበት ከባሕር ዳር ለበዓል ሲመጣ ለአባቱ ዲጂታል ካሜራ ይዞ መጣ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሁለመናው ቁልፍ የሆነ ካሜራ ነው። ቢሻው እያገላበጠ አየው።

"ፊልሙ በየት ነው የሚገባው?"

"ፊልም የለውም አባባ። ፎካስ ማድረግም የለብዎትም፤ የሚያጠራውን ነገር እሱ ራሱ ይፈልጋል። ይኼን ቁልፍ መጀመሪያ በግማሹ ነው የሚጫኑት። 'ጢጥ' ሲልዎት ያገኘውን ያዘ ማለት ነው፤ ያኔ ጨርሰው ይጫኑታል።"

"ግማሹ የት ጋ ነው?"

አበባው ሳቀ። "ጣትዎ ይነግርዎታል" አለው።

ጣቱ አልነገረውም። ልጁ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ቢሻው ግቢው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እያነሳ ሰነበተ። ዶሮዋን ሲያነሳ አጥሩ ጎልቶ ዶሮዋ ትደበዝዛለች። በሩን ሲያነሳ ፊት ለፊት የተንጠለጠለው ገመድ ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ላዩ ላይ ያለችውን ጥርስ ያላት መዘውር ሳያስበው አዞራትና ፎቶው ሁሉ እንደ ዱቄት ነጣ። ምን እንደነካ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ሲያገኛት መዘውሯን ዳግመኛ እንዳትዞር በቁስል ፕላስተር ለጠፋት።

አስካለን በረንዳው ላይ አቁሞ አነሳትና ምስሉን ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ላይ አሳያት።

"እኔን ነው ያነሳኸው ወይስ ግድግዳውን?" አለችው።

"እኔ አንቺን ነው ያልሁት። እሱ ነው ግድግዳውን የመረጠ።"

"በፊት የምትመርጠው አንተ ነበርህ።"

ቢሻው ካሜራውን ወደ ራሱ መለሰ። የድሮውን ካሜራ ሌንስ በሁለት ጣቱ ሲያዞር ፊቱ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ ይጠራለት ነበር፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ዓይኑ ሳይሆን ክንዱ ያውቀዋል። አሁን ጣቶቹ ሥራ ፈትተዋል።

አስካለ ሲጫን ጣቱን ስታየው ቆየችና "አንተ እኮ እንደ ጠመንጃ ምላጭ ነው የምትስበው" አለች። "ላም ስትታለብ አይተህ አታውቅም? መጀመሪያ ጡቱን ትይዘውና ታባብላለህ። ላሟ ስትፈቅድልህ ነው የምትጨምቀው።"

በዚህ ተግባቡ። ካሜራው በያዘለት ጊዜ "ፈቀደች" ይላል፤ አልይዝ ሲለው "ረገጠችኝ" ይላል። ካነሳ በኋላ ካሜራውን ለእሷ ይሰጣታል፤ እሷ ትንሿን መስታወት ወደ ዓይኗ አስጠግታ "ይሄ ሸሽቷል"፣ "ይሄ ደግ ነው" ትለዋለች። የደበዘዘውንና የጠራውን መለየት ሃያ ዓመት የሠራችው ሥራዋ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከስማዳ፣ ከወገዳ አቅራቢያ ካለች መንደር፣ የሰርግ ፎቶ እንዲያነሳ ጥሪ መጣ። ቢሻው ቦርሳውን ሲያዘጋጅ አስካለ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ካንተ ጋር። ጓዳው ውስጥ ከሽንኩርት በቀር ምን ቀረኝ?"

በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ሙሽራዋ ፍቅርተ ትባላለች፤ የምትድራት እናቷ ዓለሚቱ ናት፤ አባት የላትም። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጥቅጥቅ ተደርጎ ስለተሠራ ውስጡ ደብዛዛ ነው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በእልልታና በጭብጨባ ሲገባ ቢሻው ካሜራውን አነሳ። ሌንሱ እናቱን እንዳጣ ጥጃ ወደፊት ወደ ኋላ ይላል እንጂ አይዝለትም። ሙሽራው ሙሽራዋ አጠገብ ደረሰ፤ ሰው ጨፈረ፤ ቢሻው ላብ አጠመቀው።

"ረገጠችኝ፤ እንቢ አለች!" አለ በጭንቀት።

አስካለ ከኋላው ናት። "የሙሽራዋን ፊት ተወው፤ ጨለማ ላይ ነው። የቀሚሷን ጥለት ያዝ፣ ጥለቱን!" አለችው በጆሮው። ከጓዳው ዘመን ጀምሮ ፎቶ መጥራቱን የምታረጋግጠው በጥለት ነበር፤ ጥለቱ ከተቆጠረ ፊቱም ደህና ነው። ቢሻው ሙሽራዋ ደረት ላይ ወዳለው ቀይ ጥለት አነጣጠረ። ጢጥ። ያዘለት። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ጋብ ሲል ዓለሚቱ ራሷ ጠላ ይዛ ወደ ፎቶ አንሺዎቹ መጣች። አስካለ ዋንጫውን ለመቀበል እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች።

"አንቺን አውቅሻለሁ" አለቻት።

"ከየት እትዬ? እኔ መካነ ኢየሱስን ረግጬ አላውቅም።"

"እኔም ወገዳን ስረግጥ ዛሬ ገና ነው። ግን አውቅሻለሁ። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ከባልሽ ጋር ቆመሻል። እሱ ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ገጥሞ ይዞታል።"

ዓለሚቱ የጠላውን ማሰሮ መሬት ላይ አስቀመጠች። ተንበርክካ ነው ያስቀመጠችው።

"ባሌ እንየው ነው" አለች። "ወገዳ ገበያ ላይ ነው የተነሳነው። ፍቅርተን እርጉዝ ነበርሁ። በዚያው ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደ፤ ወባ ያዘውና እዚያው ቀረ። ልጁንም አላያት፤ እሷም አላየችው።"

"ፎቶውስ?"

"አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። የእኔ ጎን ተረፈ፤ የእሱ ወረቀቱ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን በህልሜ እንኳ አጥርቼ ማየት እያቃተኝ ሄደ።"

ሙሽራዋ ፍቅርተ ጥግ ላይ ከተቀመጠችበት ሰምታ ኖሮ አንገቷን አቀናች። ሙሽራ መናገር አይገባትም ነበር፤ ግን ተናገረች።

"አባቴን አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ ልጄ" አለች አስካለ። "ከውሃ ውስጥ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ግንባርሽ የእሱ ነው።"

ፍቅርተ ግንባሯን በመዳፏ ሸፈነች። ሚዜዎቹ ሙሽራዋ ለምን እንደምታለቅስ ሳያውቁ፣ እናቷን ተለይታ መሄዷ ይሆናል ብለው ዘፈኑን ከፍ አደረጉት።

ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመለሱ አስካለ የገብስ ጆንያውን ከጓዳው አስወጣች። ከስሩ የድሮ ፊልሞች የታጨቁባቸው የወተት ዱቄት ጣሳዎች ነበሩ። ቢሻው ምንም ቢሆን ፊልም አይጥልም። በር ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች አየቻቸው። ፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው፤ ሰው ሁሉ የማይታወቅ መንፈስ ይመስላል። ለእሷ ግን ይታወቃታል። እያየች ትስቃለች፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ "ወይኔ፣ ይሄም ሞተ እኮ" ትላለች። ቢሻው አጠገቧ ተቀምጦ ማንን በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ዝናብ እንዳነሳ ይነግራታል። ብዙ ዘመን እንዲህ አልተጨዋወቱም።

እንየውን አገኘችው። ግን የማጠቢያው መድኃኒት ጠርሙሱ ውስጥ ደርቋል፤ ወረቀቱም ሻግቷል። ቢሻው ለአበባው ስልክ ደወለ።

"መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በአዲሱ ካሜራ አንሱትና ምስሉን የምትይዘውን ካርድ በመኪና ላኩልኝ" አለ አበባው። "ጥቁሩንና ነጩን እኔ ኮምፒውተር ላይ እገለብጠዋለሁ።"

ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጠፉት፤ ከኋላው ነጭ ሻሽ ጋረዱበት። ካሜራው ግን አንዴ የመስኮቱን እንጨት፣ አንዴ የሻሹን ድርና ማግ ይይዛል፤ እንየውን አይዝም። ቢሻው ቢያባብለው፣ ቢቆጣው አልሆነም። እንደገና ደወለ።

"አባባ፣ ሌንሱ ጎን ላይ ትንሽ መግፊያ አለች። ወደ ታች ይግፏት። ያኔ ማሽኑ ይተውልዎታል፤ ቀለበቱን በእጅዎ ማዞር ይችላሉ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ነበረች?"

"ነበረች።"

"ምነው ታዲያ አትነግረኝም?"

"እንዳይደክሙ ብዬ ነዋ።"

ቢሻው መግፊያዋን ገፋት። ቀለበቱን በሁለት ጣቱ ይዞ አዞረ፤ የመስኮቱ ጭጋግ ሲገፈፍ አየ። የት ላይ እንደሚያቆም ግን እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"ዓይኔ አይለይም አስካለ። ወይ እኔ አርጅቻለሁ፣ ወይ እሱ ርቋል።"

"አንተ አዙር፤ እኔ ልይ።"

ትንሿ መስታወት ላይ ምስሉን አሰፋችውና ጎንበስ አለች። "ሂድ... ሂድ... አለፍህ። ተመለስ። ትንሽ። ቅንድቡ መጣ... ጠባሳው! ቁም!"

ተጫነው።

ፎቶው ከባሕር ዳር በመኪና ተልኮ ሲመጣ ፖስታውን የከፈተችው አስካለ ናት። እንየው ጥርት ብሎ ቆሟል፤ ከጎኑ ዓለሚቱ፣ ሆዷ ላይ እጇ። አስካለ ወደ ብርሃኑ አዙራ ለቢሻው አሳየችው።

"ከመድኃኒቱ ሲወጣ ብናየው ደስ ይለኝ ነበር" አለች አስካለ።

"እኔም" አለ ቢሻው።

ዓቢይ ጾም ሳይገባ ፎቶውን ይዘው እንደገና ስማዳ ወረዱ። ፍቅርተ ከባሏ ጋር እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ዓለሚቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለች። ታለቅሳለች ብለው የጠበቁት አልሆነም፤ መጀመሪያ ግራ ተጋባች።

"ልጅ ነው እኮ" አለች። "ወይ ጉድ፣ ልጅ ነው! እኔ ከእኔ ጋር ሲያረጅ ነበር የማስበው። አሁን ቢመጣ ልጄ ይመስላል።" ከዚያ ነው እንባዋ የመጣው።

ፍቅርተ ከእናቷ ትከሻ በላይ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። በመጨረሻ ጣቷን ወደ ከንፈሩ አስጠግታ፣ ወረቀቱን ሳትነካ፣ "ምን ሆኖ ነው ሊስቅ የደረሰ?" አለች።

ዓለሚቱ እንባዋን ጠረገች። "ጫማው ነዋ! ለፎቶ ብሎ የአጎቱን ልጅ ጫማ ተውሶ ነበር፤ ጠበበው። ፎቶ አንሺው 'ጸጥ በሉ' ሲል እሱ በጆሮዬ 'ቶሎ በል በይው፣ እግሬ ሊበጠስ ነው' ይለኛል። ወደ ቤት የተመለሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነው።"

ፍቅርተ ሳቀች። ባሏም ሳቀ። ቢሻው "እውነት ነው፤ ቶሎ አላልሁም ነበር" አለ።

የመመለሻው አይሱዙ ከመንገዱ ላይ ጥሩምባ ነፋ። አስካለ ወደ በሩ አየች፤ ቢሻውም አየ፤ ግን ማንም አልተነሳም። ፍቅርተ እናቷ አጠገብ መደብ ላይ ወጥታ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

"ሌላስ?" አለች። "ሌላስ ምን ይል ነበር?"

"ሌላማ..." አለች ዓለሚቱ፣ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ "በሬዎቹን በስም ነበር የሚጠራቸው፤ እርሻ ላይ ከእኔ ይልቅ ከእነሱ ጋር ነበር ወሬው..."