ክራንቻው ሳይወርድ

“ሰው ጥርስ ለማስነቀል እዚህ ድረስ መጥቶ ይሰለፋል? እኔ እኮ በአንድ ክር፣ ውይ ሳትል ነው የነቀልኩላት!” አለች መርፌ፣ የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት እናቶች ሁሉ እንዲሰሟት ድምጿን ከፍ አድርጋ። መርፌ ያሏት ልብስ ሰፊው ጋ አዝራር ስለምትተክል ነው፤ ምላሷም ለስሙ አላነሰም። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ የማታውቀው ነገር ግን የለም።

“ውይ ብያለሁ” አለች ታናሿ ፌንጣ።

“አንቺ ደግሞ! የሰው ሙያ አታጣጥዪ።”

ፌንጣ አሥር ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነበር። ሁለቱም በሕፃንነቷ ተሰፍተዋል፤ የቀረው ላይኛው ድዷ ላይ ያለው ክፍተት ነው። እሱን ለማስሞላት ነው የመጡት።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ዶክተሯ የራጅ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅላ አየችው።

“ከስድስት ወር በኋላ አምጧት ብዬ ነበር። ይኸው አሥር ወራችሁ። የት ከረማችሁ?”

“ቋሚ ጥርሷ እስኪወጣ ስንጠብቅ ነዋ!” አለች መርፌ ኮራ ብላ። “እኛ ሱቅ አዝራሩ ሳይታይ ቀዳዳ አይበሳም። ልኩ በምን ይታወቃል? ጥርሱ ይምጣና ክፍተቱ በልኩ ይሞላል ብዬ ቀጠሮውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። የወተት ጥርሷንም የነቀልኩት መንገድ እንዲለቅለት ነው።”

ምስጋና ጠበቀች። ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች።

“የወተት ጥርሱ ግድ የለም፣ እኛም እንነቅለው ነበር። የጎዳን ቀጠሮው ነው። ከዳሌዋ አጥንት ወስደን ክፍተቱን የምንሞላው ክራንቻ ጥርሷ ሳይወርድ ነው። ጥርሱ በአዲሱ አጥንት መሐል ሲወጣ እሱም ይቆማል፣ አጥንቱም ይጸናል። ባዶ ላይ ከወረደ ግን የሚይዘው የለም። ኋላ ብንሞላው እንኳ እንደዚያ አይሆንም። እዪው፣ ጫፉ ድዷ ሥር ደርሷል።”

መርፌ አየችው። ነጭ ጫፍ፣ ከጎኑ ጥቁር ባዶ።

“ታዲያ ዛሬ ይሠራላት!”

“የቀዶ ጥገናው ተራ ሁለት ወር ይፈጃል።”

“ጥርሱስ?”

“ጥርስ ተራ አይጠብቅም።”

“እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ዶክተር! ጥፋቱ የኔ ነው። ከኔ ዳሌ ውሰዱ፣ የፈለጋችሁትን ያህል!”

“የራሷ ነው የሚያስፈልገው” አለች ዶክተሯ። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ለመርፌ ከቁጣ የባሰው እሱ ነው።

ያኔ ቀጠሮ የምትይዘው ነርስ አንገቷን በበሩ አስገባች። “የነገዋ ተረኛ ልጅ ትኩሳት ይዟት ቀርታለች፣ ዶክተር።”

ዶክተሯ ፊልሙን አየች፣ ፌንጣን አየች። “እሷን አስገቢያት። አጥንቱ እንደሚይዝ ግን አላረጋግጥላችሁም።”

“ከምሳ በፊት ወላጅ ይፈርም” አለች ነርሷ የስምምነት ወረቀቱን ለመርፌ እያቀበለች። “አለዚያ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ።”

እናታቸው ከተማው ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ እስከዚህ ሁለት አውቶቡስ ነው። ስለ ጥርሱም ሆነ ስላለፈው ቀጠሮ የምታውቀው የለም። መርፌ “ሐኪም ቤቱ አራዘመው” ብላት አምናታለች።

የእናቷን ፊርማ መርፌ ከእናቷ አሳምራ ትፈርመዋለች። የፌንጣን የትምህርት ቤት ካርድ ስንቴ ፈርማዋለች! ነርሷ ፋይል ለመፈለግ ጀርባዋን ሰጠች። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ።

“ዳሌዬን ሊቆርጡኝ ነው?” አለች ፌንጣ።

“ትንሽ ብቻ።”

“ከዚያ ጥርሴ ይቆምልኛል?”

“አላውቅም” አለች መርፌ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና ለእናቷ ደወለች።

“እማ፣ ሐኪም ቤቱ አላራዘመውም። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ጥርሱ ሊቀድመን ነው። ነገ ቦታ ተገኝቷል፣ ከምሳ በፊት መጥተሽ ካልፈረምሽ ግን…” እንባዋ አቋረጣት።

ከወዲያ የማጠቢያው ማሽን ጩኸት ብቻ ይሰማል። መርፌ ደግሞ ስትፈራ ማስረዳት ትወዳለች።

“አይዞሽ እማ፣ እኔ አስረዳሻለሁ። ነገሩ እኮ ቀላል ነው፤ ክራንቻ ማለት…”

“መጣሁ፤ አንቺ ግን አፍሽን ዝጊና ስልኩን ለሚያውቅ ሰው ስጪ!”