አትንኪው የተባልኩት ጉዝጓዝ

ባሌ ሞላ አሶሳ ሊሄድ ሲነሳ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ዘንድሮ ይህ በቆሎ ካልያዘ ወሎ እንመለሳለን።» አዲሱ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ፣ በሰፈራ ከወሎ ወደዚህ የመጣን ሰዎች መሬታችን ምን እንደሚሆን የሚነግረን አጥተን ነበር። እሱም የሄደው ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ሊጠይቅ ነው። መመለሱ ለእሱ ቀላል ነው፤ ወንድሞች አሉት። እኔ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቤተሰቤን ቀብሬ የመጣሁ ነኝ። ወሎ ብመለስ ማን ቤት እገባለሁ?

ሰኔ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ጉልበት የደረሰው በቆሎ ቅጠሉን መጠቅለል ሲጀምር፣ የግብርናው ልጅ ዳበሳ መጥቶ በመስመሮቹ መካከል ደረቅ ሳር እንዴት እንደማለብስ አሳየኝ። ጉዝጓዝ ይለዋል። «ፀሐይ አፈሩን አታገኘውም፣ እርጥበቱም አይሄድም። አንዴ ካለበስሽው ግን አትንኪው» አለኝ። ሰፈሩ ሳቀብኝ፤ አሰለፈች ለበቆሎ አልጋ አነጠፈች ተባልኩ።

አትንኪው መባል ለእኔ ቅጣት ነው። በማግስቱ ጠዋት ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከሰዓትም አየሁ። እውነትም አፈሩ ጣት ያረጥባል፣ ቅጠሉም ተፈትቷል። ደስ ብሎኝ መተው ሲገባኝ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ገለጥኩ፤ ሳሩን ከስሩ ምስጥ ወሮታል።

የሰፈርንበትን የባምባሲን ምስጥ የማያውቅ ይሳቅብኝ። ሁለት ጊዜ የቤቴን ምሰሶ በልቶ ጣሪያውን አውርዶብኛል። እንዳልጠይቅ፣ ዳበሳ ለሳምንት ቶንጎ ሄዷል። ቀኑን ሙሉ ሳሩን ሁሉ ጠርጌ ከማሳው ዳር አቃጠልኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን በቆሎው መውደቅ ጀመረ። ሳብ ሳደርገው ከሥሩ ተበልቶ እጄ ላይ ይቀራል። ጎረቤታችን ማህጁብ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ ከማሳችን ድንበር ላይ ቆሞ አየኝ። እሱ ያምናውን አገዳ ከማሳው አያነሳም፤ ሁልጊዜ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። የእሱ በቆሎ ግን ቆሟል።

«ሳር የት ሄደ?» አለኝ።

«አቃጠልኩት። ምስጥ ገብቶበት።»

«ምስጥ ደረቅ ነገር ነው የሚወድ። ሳር ካለ ሳር ይበላል። ሳር ከሌለ ምን ይብላ? በቆሎ ይበላል።»

አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም።

ሞላ በማግስቱ ሲገባ የማሳው ግማሽ ተኝቷል። ዞሮ አየውና ቤት ገብቶ ዕቃ መጠቅለል ጀመረ።

«ይህ አገር አልተቀበለንም» አለ። «ቢሮው ነገ ኑ ይላል፤ መሬቱም ይኸው።»

ዝም ብል ጥፋቱ የአገሩ ሆኖ ይቀራል፤ እኔም ጓዜን ተሸክሜ እከተለዋለሁ። ፈራሁ።

«አገሩ አይደለም ሞላ። እኔ ነኝ» አልኩት። የገለጥኩትን፣ ያቃጠልኩትን፣ ማህጁብ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። «ቀሪውን ዛሬውኑ ሳር አጭደን ካለበስነው ይተርፋል።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አገር ሲረግም የኖረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን ትቶ እኔን ረገመኝ። የሚረግመኝ ግን ማጭዱን ከጣሪያው ሥር እየመዘዘ ነው። እኔም የራሴን ይዤ ከኋላው ወጣሁ። እየተሰደብኩ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።