የአብዱልፈታሕ መኪና ሳል

አብዱልፈታሕ በቀይ ሽብር ዓመት «ጎሬ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሱዳን ገባ ያሉ አሉ፤ መንገድ ላይ ተያዘ ያሉም አሉ። የሄደው በሰው የጭነት መኪና ስለነበር የራሱ ታክሲ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ካለው ግቢው ቆማ ቀረች። ሚስቱ ኩልሱም ሦስት ክረምት ሙሉ በሸራ ሸፍና ጠበቀቻት። «ሽጪልን» ለሚሏት ሁሉ መልሷ «ባለቤቱ ሲመጣ ጠይቁት» ነበር።

በአራተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ልቧ ቆረጠ። ቤት በተስፋ ብቻ አይቆምም። መኪናዋ የአጋሮን መስመር ትሥራ ብላ የባሏን ባልንጀራ፣ መካኒኩን ነጋሳን አስጠራችው።

ነጋሳ ባትሪ ቀየረ፤ አሮጌውን ቤንዚንና ዘይት አፍስሶ አዲስ ሞላ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ፤ ከመሪው ፊት ያለችው ቀይዋ የዘይት መብራት ግን አልጠፋም አለች።

«እሷማ ድሮም ትበራለች፤ አብዱልፈታሕ ውሸታም ናት ይላት ነበር» አለች ኩልሱም።

«እሱ ይበል። እኔ ሳላይ አላምንም።»

ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተ። ከሞተሩ ጎን የተሰካችውን የዘይት ግፊት ጠቋሚ ፈታና በቦታዋ መለኪያ አሰረ። እንደገና ሲያስነሣው የመለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጥቶ ቆመ።

«እውነቱን ነው» አለ ነጋሳ። «ዘይቱ በደንብ ይዘዋወራል። የተበላሸችው ጠቋሚዋ ናት፤ እለውጣታለሁ።»

ከዚያ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታ። ጫፋቸው ጥላሸት ለብሷል።

«ይሄኛው ግን ውሸት አይደለም። ነዳጅ በዝቶባት አየር አንሷታል። ጭሷ የሚጠቁረው፣ ፍጥነት ስትቀንስ የምትስለውም ለዚህ ነው። ነዳጅና አየሩን የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ታጥቦ ሲስተካከል ሳሉ ይለቃታል።»

ኩልሱም ክው አለች። ያ ሳል! አብዱልፈታሕ ከአጋሮ ሲመለስ መኪናዋ ከመስጊዱ ጥግ መታጠፊያው ላይ ትስላለች፤ ያኔ ኩልሱም የያዘችውን ሁሉ ጥላ በሩን ልትከፍት ትሮጣለች።

«ነጋሳ፣ ሳትነካት አንዴ ብቻ ንዳልኝ» አለችው። «እስከ ገበያው ሂድና ተመለስ። እኔ ቤት ገብቼ ልስማት።»

ነጋሳ አየት አደረጋት። ካንዴላዎቹን መልሶ አሰረና መኪናዋን ይዞ ወጣ።

ኩልሱም ጓዳ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙም ሳይቆይ ከመስጊዱ ጥግ ሳሉ ተሰማ፤ ተደገመ። እነዚያ ሦስት ክረምቶች ያልነበሩ መሰላት።

ያላሰበቻቸው ግን በጎን ክፍል የተኙትን አማቷን፣ እማ ዘይቡን ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። «ኢልማ ኮ! ልጄ መጣ!» እያሉ ግቢውን አቋርጠው ወጡ። ኩልሱም ስትደርስ ነጋሳ ከመኪናዋ ወርዶ፣ አሮጊቷ እጁን፣ ትከሻውን፣ ፊቱን ሲዳብሱት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ነጋሳ ነኝ፣ እማ» አለ።

እጃቸውን ከፊቱ ላይ ቶሎ አላነሱም። «አንተም ልጄ ነህ» አሉና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ኩልሱም እግራቸው ሥር ወደቀች። «የመኪናዋን ሳል ልስማ ብዬ እኔ ነኝ ያስነዳሁት። እርስዎን ዘነጋሁ፤ አውፍ ይበሉኝ።»

«ምን አጠፋሽ? እኔም እኮ ሰማሁት» አሉ እማ ዘይቡ። «ለአፍታም ቢሆን መጥቶልኝ ነበር፤ አልሃምዱሊላህ።»

ኩልሱም እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። «አስተካክላት፣ ነጋሳ። ማታ ማታ በተመለሰች ቁጥር እማ እንዲህ እየሮጡ ሊወድቁብኝ ነው።»

መኪናዋ ተስተካከለች፤ ጭሷም ጠራ። ቱሉ የሚባል ጨዋ ሾፌር ተገኘላት። ሥራ በጀመረችበት ቀን እማ ዘይቡ ሻሻቸውን አስረው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኩልሱምም ከኋላ ገባች።

አጋሮ ሲደርሱ ከመቱና ከጎሬ ቡና ጭነው የመጡ መኪኖች ተደርድረዋል። አሮጊቷ የኩልሱምን ክንድ ይዘው ከሾፌር ወደ ሾፌር ዞሩ። «ረጅም ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ አብዱልፈታሕ ይባላል» እያሉ ጠየቁ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው «አላህ ያገናኛችሁ» ብሎ ጎማውን ወደ ማየት ተመለሰ።

ወደ ጅማ ሲመለሱ ፀሐይ በቡናው ጫካ ላይ አዘቅዝቃ ነበር። እማ ዘይቡ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ «የገበያ ዕለት ብዙ ሾፌር ይመጣል ይባላል» አሉ።

«እንመጣለን፣ እማ» አለች ኩልሱም።