ደነዝ ናት አልኳቸው

ዶክተሯ ቤቴ የመጣች ቀን ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ክርያት ቢያሊክ የሚባል ከተማ ውስጥ፣ የሽማግሌዎች መጦሪያ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ወለል ስወለውል ውዬ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሰፈሬ ሃሊሳ ስደርስ ወገቤ የእኔ አይደለም። ደረጃውን እያቃሰትኩ ስወጣ፣ አስተርጓሚው ውድነህ ከአንዲት ፀጉረ አጭር ፈረንጅ ጋር በሬ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"እትዬ ተናኜ፣ እንደምን ዋሉ? ዶክተር ጽፖራ ይባላሉ። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጡት፤ ጥናት ይዘው።"

"የምን ጥናት?"

"የልጅዎ የባንቺአየሁ ትምህርት ቤት ደካማ ነው ተብሏል። ምን ቢደረግ እንደሚሻሻል ወላጆችን እየጠየቁ ነው።"

"ትምህርት ቤቱ ነው የደከመው?"

"አዎ።"

"ታዲያ እኔ ቤት ምን ይሠራሉ? ትምህርት ቤቱ እኮ ታች ነው፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ።"

ውድነህ ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ አስተማሪው በየሁለት ወሩ ይቀያየራል። የታመመው እዚያ ተኝቶ ሐኪሙ ጎረቤት ሲመረምር አይቼ አላውቅም። ቢሆንም እንግዳ በር ላይ አይቆምም፤ ግቡ አልኳቸው።

ከተቀመጡ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ገባኝ ካልን። ከዳስ በዓል በኋላ ከርሜል ተራራ ላይ ካለ ጥሩ ትምህርት ቤት አዲስ ክፍል ይከፈታል። ከእኛ ሰፈር ዐሥር ልጆች ተመርጠው በአውቶቡስ እየተመላለሱ እዚያ ይማራሉ። በጣም ደካማ የተባሉት ደግሞ እዚሁ ምድር ቤት ወዳለው ክፍል ይወርዳሉ። ያንን ክፍል አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ የማንአለብሽ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት በመቀስ ሲቆርጥበት ኖሯል።

ልቤ ዘለለ። የእኔ ባንቺአየሁ ዐሥር ዓመቷ ነው። ወደዚህ አገር ከመጣን ሦስት ዓመት አልሞላንም፣ በዕብራይስጥ የሚመጣው የሕንፃው ደብዳቤ ሁሉ የሚነበበው በእሷ ነው። የመብራት ቢሆን፣ የሐኪም ቤት ቢሆን፣ ለአቶ አባተ ልጅ የመጣው የሠራዊት ጥሪ ቢሆን ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ቆማ ታነብና በአማርኛ ትነግራቸዋለች። ከዐሥሩ አንዷ እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

ዶክተሯ ወረቀቷን ዘርግታ መጠየቅ ጀመረች። ባንቺአየሁ ውኃ አቅርባ፣ ዓይኗን ሰብራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"ልጅዎ ትምህርት ትወዳለች?"

"ኧረ እሷ ምን ትወዳለች! ጨዋታ ነው እንጂ።"

"የተነገራት ነገር ቶሎ ይገባታል?"

"ምኑ ሊገባት! ደነዝ ናት።"

"ቤት ውስጥ ታነባለች?"

"እሷ? ወይ ማንበብ!"

ውድነህ አየኝ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋውና ያልኩትን ተረጎመ። ዶክተሯ አንገቷን እየነቀነቀች ጻፈች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ጥሩ አድርጌ መለስኩ ብዬ።

ምን ላድርግ? እስክሪብቶ ለያዘ ለማያውቁት ሰው ልጄ ጎበዝ ናት የሚል እናት እኛ ዘንድ የለም። የሰው ዓይን አለ። ደግሞ እኔ ከሌላው የባሰ ምክንያት አለኝ። ሱዳን መጠለያ ሳለን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ ማረው። አንድ ፈረንጅ ሐኪም መጣና ልጄ ዐረብኛውን ሲያቀላጥፈው ሰምቶ፣ "ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! ያንቺ ነው?" አለኝ። እኔ ሞኟ ደረቴን ነፍቼ፣ "አዎ የእኔ ነው፤ ከሁሉ ይበልጣል" አልኩ። በሰባተኛው ቀን ቀበርኩት። ተቅማጥ ነው አሉ። ይበሉ። የአፌን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ልጅ በሰው ፊት አሞግሼያት አላውቅም።

በሳምንቱ ልጆቹን ፈተኗቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማታ ደብዳቤ መጣ። ማን ያንብበው? እንደ ሁልጊዜው ለራሷ ለባንቺአየሁ ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፣ ሳትደናቀፍ፣ እንደ ውኃ። ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰችው።

"ተማሪዋ የማንበብ ችሎታዋ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ከበዓሉ በኋላ በምድር ቤት ባለው ልዩ ክፍል እንድትማር ተወስኗል።"

"ምን አልሽ?"

ደገመችልኝ። ደብዳቤውን ነጠቅኳት፤ ብነጥቃት ምን አውቄ ላነበው! ገለባበጥኩት። ግራ ገባኝ። እያነበበች፣ ማንበብ አትችልም ይላል?

"ፈተናው ላይ ምን ብለሽ ነው?"

"አላውቅም ብዬ።"

"ስንቱን?"

"ሁሉንም።"

"ሳታውቂው ቀርተሽ ነው?"

"አውቀዋለሁ።" ጣቷን ትጎነጉናለች። "ግን አንቺ ለሴትዮዋ ደነዝ ናት ብለሻት ነበር። ውሸታም ላድርግሽ እማ?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልቆጣት አልቻልኩም፣ ላቅፋትም እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባሌ አቶ ያለው ነሸር ከሚባለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲገባ እዚያው እንደቆምኩ አገኘኝ።

በማግስቱ ሥራ ቀረሁ። ውድነህን ከአልጋው አስነስቼ፣ ባንቺአየሁን በእጇ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በዓሉ ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ዶክተሯ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የወረቀት ክምር መሀል ተቀምጣለች።

"ልጄን ለምንድን ነው ምድር ቤት የምትከቱብኝ?" አልኩ።

ዶክተሯ ደንገጥ ብላ መዝገቧን ገለጠች። "ፈተናውም፣ እርስዎም የተናገሩት አንድ ነው" አለች በውድነህ በኩል። "ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከኢትዮጵያ የመጡ ዐሥራ አንድ እናቶችን አነጋግሬያለሁ። ዐሥራ አንዱም ልጄ ሰነፍ ነው፣ ልጄ ደነዝ ናት አሉኝ። ወላጅ በልጁ ተስፋ ካላደረገ ትምህርት ቤት ብቻውን ምን ያደርጋል? ከድክመቱ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው ብዬ ጽፌያለሁ።"

ደሜ ፈላ። "ጣሪያው የሚያፈሰው እኛ ተስፋ ስላጣን ነው?" አልኩና ወደ ውድነህ ዞርኩ። "አንተስ? አንተ የማን ልጅ ነህ? እናትህ በእንግዳ ፊት ምን ነበር የምትልህ?"

"ገልቱ" አለ መሬት መሬቱን እያየ።

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"የተባለውን ብቻ ተርጉም፣ ከራስህ አትጨምር ተብዬ ነው እትዬ። ሥራዬ ነው።"

"አሁን ጨምር! እኔ ፈቅጄልሃለሁ፣ ጨምር!"

ውድነህ ረጅም ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ ማረው የሚለውን ስም ግን ሰማሁ። እኔ ነግሬው አላውቅም፤ ሰፈር ሲያወራ ሰምቶ ይሆናል። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ እኔን ትክ ብላ እያየች አንድ ነገር ጠየቀች።

"እንግዲያው እውነቱን ይንገሩኝ ይላሉ" አለኝ ውድነህ። "ባንቺአየሁ እንዴት ያለች ልጅ ናት?"

ይሄው! እዚህ ይደረስ? ሴትዮዋ ያው ፈረንጅ ናት፣ ያው ወረቀት ይዛለች፣ ጥያቄውም ያው የዚያ የሐኪሙ ጥያቄ ነው። ብናገር እፈራለሁ። ዝም ብል ልጄ ወረቀት ስትቆርጥ ልትኖር ነው። ባንቺአየሁ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምል እሷም አታውቅም።

"ጎበዝ ናት" አልኩ። "የሕንፃውን ደብዳቤ የምታነበው እሷ ናት። ምድር ቤት ትግባ የሚለውን ደብዳቤም ያነበበችልኝ እሷ ናት።"

ዶክተሯ የመጨረሻውን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። ከመደርደሪያው መጽሐፍ አውጥታ ለልጅቱ ሰጠቻት። ባንቺአየሁ መጽሐፉን ይዛ እኔን ታያለች፤ ላንብብ? ማለቷ ነው። ራሴን ነቀነቅሁላት። ጀመረች፣ አንድ ገጽ ጨረሰች፣ ሳትባል ወደ ሁለተኛው ሄደች።

"መጹያን!" አለች ዶክተሯ እያጨበጨበች። በዕብራይስጥ እጅግ ጎበዝ ማለት ነው፤ እኔም ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ተስፈንጥሬ ተነሣሁና የልጄን አናት እንትፍ እንትፍ አልኩባት። ዶክተሯ ያንንም ጻፈች መሰለኝ።

ስማችን ከዐሥሩ ጋር ገባ። ማንአለብሽም ያንኑ ቀን ሰምታ፣ "የኔውም እኮ ጎበዝ ነው!" እያለች ወደ ዶክተሯ ሮጣ ሄደች። ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን ያንን በዓል እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ቀን እቆጥራለሁ። በአምስተኛው ቀን ባንቺአየሁ አስነጠሰች፤ ቆሌዬ ተገፈፈ። በሰባተኛው ቀን ከአጠገቧ አልነቃነቅ አልኩ፤ ግንባሯን ስዳስስ ዋልኩ። "ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት" አለኝ ባሌ። እሱ ምን አለበት፣ ሱዳን ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሰባተኛው አለፈ። ስምንተኛውም አለፈ።

ነገሩ እስካሁን አልገባኝም። ደነዝ ናት ስል ወደ ምድር ቤት አወረዷት፣ ጎበዝ ናት ስል ወደ ተራራ አወጧት። ልጅቷ ያው አንዲት ልጅ ናት። ታዲያ ያን ሁሉ ወረቀት ይዘው ያጠኑት ልጄን ነው ወይስ አፌን? ውድነህን ብጠይቀው "ቤሰደር፣ ይሁን፣ ዋናው መግባቷ ነው እትዬ" አለኝ። እሱም አላወቀውም ማለት ነው።

ከበዓሉ ማግስት አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋት። ሰው ሞልቷል፤ የእኛም ሰው፣ ፈረንጁም። ባንቺአየሁ አንድ እግሯን አውቶቡሱ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

"እማ፣ ዛሬም ጎበዝ ነኝ?"

ሁሉም ይሰማል። ሾፌሩም ያያል። ከኋላዋ ያሉት ልጆች ይገፏታል፣ እሷ ግን መልሴን ሳትሰማ ልትገባ አልፈለገችም።

"ነሽ" አልኳት ጮክ ብዬ። "ከሁሉ ትበልጫለሽ።"

ሳቀችና ገባች። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱም ወደ ከርሜል ሽቅብ ሄደ። እኔም እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመርኩ።